የራሳችሁን የሬይልስ ጀነሬተር መሥራት፦ ከባዶ ፎልደር እስከ ቴስት

ሬይልስ (በሩቢ የተሠራው የዌብ ፍሬምወርክ) ላይ የሚሠራ ሰው ሞዴል ወይም ኮንትሮለር በአንድ ኮማንድ ማውጣት አይከብደውም፤ ፋይሎቹን የሚያወጣው መሣሪያ ጀነሬተር ይባላል። የፕሮጀክቱ የራሱ የሆነ ነገር ሲመጣ ግን፣ ለምሳሌ የሰርቪስ ክላስ (አንድን ሥራ ለብቻው የሚይዝ ክላስ)፣ አብዛኛው ሰው የድሮውን ፋይል ኮፒ አድርጎ ስሙን መቀየር ይቀናዋል። ኮፒው ውስጥ የድሮው ስም አንድ ቦታ ተረስቶ ይቀራል፤ ቴስቱ ደግሞ ጭራሽ አይኮፒም። ሬይልስ ሞዴል የሚያወጣበት መሣሪያ ለእኛም ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው ሬይልስ 3 ጀምሮ ጀነሬተሮቹ ሁሉ ቶር በሚባለው የሩቢ ላይብረሪ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ የእናንተም ጀነሬተር ከእነሱ እኩል ነው የሚታየው።

እዚህ የምንሠራው የሰርቪስ ክላስ ከነቴስቱ የሚያወጣ ጀነሬተር ነው። የኮድ ስሞችን በድምፃቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናልና ኤዲተር ላይ እንደተለመደው በላቲን ፊደል ይገባሉ።

መጀመሪያ፣ ያስፈልጋል ወይ?

ቅሬታችሁ «ስካፎልድ (ሞዴል፣ ኮንትሮለርና ገጾችን በአንዴ የሚያወጣው ጀነሬተር) የሚያወጣው ገጽ የእኛን ዲዛይን አይመስልም» ብቻ ከሆነ ጀነሬተር አትጻፉ፤ ቴምፕሌቱን፣ ማለትም ፋይሉ የሚወጣበትን ንድፍ፣ መተካት ይበቃል። ሬይልስ የራሱን ቴምፕሌት ከመጠቀሙ በፊት «ሊብ/ቴምፕሌትስ» ውስጥ ይፈልጋል። ለዝርዝር ገጹ «ሊብ/ቴምፕሌትስ/ኢአርቢ/ስካፎልድ/ኢንዴክስ.ኤችቲኤምኤል.ኢአርቢ.ቲቲ»፣ ለሞዴል «ሊብ/ቴምፕሌትስ/አክቲቭ_ሪከርድ/ሞዴል/ሞዴል.አርቢ.ቲቲ» የሚል ፋይል አስቀምጡ። ከባዶ አትጀምሩ፤ «ባንድል ሾው ሬይልቲስ» ብላችሁ ጄሙ (የላይብረሪው ጥቅል) ያለበትን ፎልደር አግኙና የገጹን ዋናውን ቴምፕሌት ከዚያ ገልብጡ። የሞዴሉ ያለው አክቲቭ ሪከርድ ጄም ውስጥ ነው።

አዲስ ጀነሬተር የሚያስፈልገው ሬይልስ የማያውቀው ዓይነት ፋይል ሲኖራችሁ ነው። እሱንም ቢሆን በእጅ ሦስት ጊዜ ሳትጽፉ አትጀምሩት። በአንድ ፋይል የቱ ክፍል እንደሚለዋወጥ፣ የቱ እንደማይለዋወጥ አይታወቅም፤ በሦስት ግን ጎን ለጎን ከፍቶ ማየት ይቻላል።

ከሁሉም በላይ ይህን ያዙ፦ የወጣ ፋይል ከቴምፕሌቱ ጋር ያለው ግንኙነት የወጣ ዕለት ይቋረጣል። ከሁለት ወር በኋላ ቴምፕሌቱን ብታሻሽሉ ቀድመው የወጡት 40 ፋይሎች እንደነበሩ ናቸው። ስለዚህ የጋራ የሆነው ሁሉ፣ ሎግ ማድረጉም፣ ስህተት መያዙም፣ «አፕሊኬሽንሰርቪስ» የሚባል የወላጅ ክላስ ውስጥ ይግባ። ቴምፕሌቱ የሚይዘው ከአንዱ ሰርቪስ ወደ ሌላው የሚለያየውን ብቻ ነው። ቴምፕሌታችሁ ከ20 መስመር ካለፈ፣ ወላጅ ክላሱ ውስጥ መሆን የነበረበት ነገር ሾልኮ ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

አጽሙን ማውጣት

ጀነሬተር የሚያወጣ ጀነሬተር አለ፦

«ቢን/ሬይልስ ጀነሬት ጀነሬተር ሰርቪስ»

ይህ «ሊብ/ጀነሬተርስ/ሰርቪስ» ፎልደር ውስጥ ሦስት ነገር ያስቀምጣል፦ ክላሱን የያዘውን «ሰርቪስ_ጀነሬተር.አርቢ»፣ ሰው እርዳታ ሲጠይቅ የሚታየውን «ዩሴጅ» የሚባል ጽሑፍ፣ እና ባዶ «ቴምፕሌትስ» ፎልደር። ቴስቱ ለብቻው «ቴስት/ሊብ/ጀነሬተርስ» ውስጥ ይወጣል። ሬይልስ ጀነሬተሩን የሚያገኘው በፋይሉና በክላሱ ስም ስለሆነ አንዱን ቀይራችሁ ሌላውን ከረሳችሁ «ጀነሬተሩ አልተገኘም» ይላችኋል።

አሁን ሌላ ምንም ሳትነኩ «ኮንፊግ/አፕሊኬሽን.አርቢ»ን ክፈቱ። ከሬይልስ 7.1 ጀምሮ አዲስ ፕሮጀክት «ኮንፊግ.ኦቶሎድ_ሊብ» የሚል መስመር ይዞ ይመጣል፤ የሚዘለሉ ተብለው የተዘረዘሩት ግን «አሴትስ» እና «ታስክስ» ብቻ ናቸው። «ጀነሬተርስ»ን ጨምሩበት። ካልጨመራችሁ ክላሶችን የሚጭነው ዛይትቨርክ የፎልደሩን መንገድ ተከትሎ «ጀነሬተርስ» ውስጥ፣ «ሰርቪስ» ውስጥ የተቀመጠ «ሰርቪስጀነሬተር» ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን ብቻውን ደጅ የቆመ «ሰርቪስጀነሬተር» ነው። ክፋቱ ዴቨሎፕመንት ላይ ምንም አለማሳየቱ ነው፤ እዚያ ክላስ የሚጫነው ሲጠራ ብቻ ነውና። ፕሮዳክሽን ላይ ግን ሁሉም በአንዴ ስለሚጫን ዲፕሎይ ስታደርጉ ሰርቨሩ አልነሳም ይላል። «ቢን/ሬይልስ ዛይትቨርክ:ቼክ» ያንኑ ስህተት እዚያው ማሽናችሁ ላይ ያሳያችኋል።

ክላሱና ስሞቹ

የወጣው ክላስ የሚወርሰው «ሬይልስ::ጀነሬተርስ::ኔምድቤዝ»ን ነው። «ኔምድ» የተባለው የመጀመሪያውን ግቤት እንደ ስም ስለሚወስድ ነው፤ ስም የማይቀበል ጀነሬተር ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ጊዜ ብቻ ራን የሚደረግ «ኢንስቶል»፣ «ቤዝ»ን ይውረስ።

እዚህ ክላስ ውስጥ ያለ ፐብሊክ ሜተድ ሁሉ፣ ማንም ሳይጠራው፣ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ራን ይደረጋል። ረዳት ሜተዶችን ፐብሊክ አድርጋችሁ ብትተዉ እነሱም እንደ አንድ ደረጃ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ፋይል የሚፈጥረው ብቻ ከላይ ይሁን፤ ሌላው በሙሉ «ፕራይቬት» ሥር ይውረድ። ቴምፕሌቱ ፕራይቬቶቹንም መጥራት ስለሚችል የሚጎድል ነገር የለም።

ስም ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ተጠቃሚው «ቢሊንግ/ኢንቮይስ» ብሎ ሲያስገባ ሦስት ነገር ታገኛላችሁ። «ፋይል_ኔም» ማለት «ኢንቮይስ» ብቻ ነው። «ክላስ_ፓዝ» ደግሞ «ቢሊንግ»ን የያዘ አሬይ ነው። «ክላስ_ኔም» ሁለቱን አገጣጥሞ «ቢሊንግ::ኢንቮይስ» ይሰጣል። የፋይሉን አድራሻ ስትሠሩ «ፋይል.ጆይን» ተጠቅማችሁ «አፕ/ሰርቪስስ»ን፣ ከዚያ «ክላስ_ፓዝ»ን፣ ከዚያ ፋይል ስሙን አስገቡ። «ክላስ_ፓዝ»ን የረሳ ጀነሬተር በተራ ስም ሲሞከር ደህና ይመስላል፤ በፎልደር የተከፈለ ስም ሲሰጠው ግን ፋይሉን ያለ ቦታው ይጥለዋል፣ ክላሱም አይገኝም።

ሁለተኛው የስም ጣጣ ቅጥያው ነው። አንዱ የቡድን አባል «ፔይመንት» ብሎ ያስገባል፤ ሌላው «ፔይመንት_ሰርቪስ» ይላል፤ ለሁለተኛው «ፔይመንት_ሰርቪስ_ሰርቪስ» ይወጣለታል። የሬይልስ የራሱ የጆብ ጀነሬተር ይህን የሚፈታው «ፋይል_ኔም»ን ፕራይቬት ውስጥ እንደገና ጽፎ፣ ከ«ሱፐር» የመጣው ስም መጨረሻ ላይ ያለውን ቅጥያ በመቁረጥ ነው። እናንተም «_ሰርቪስ»ን እንዲሁ ቁረጡ። «ክላስ_ኔም» የሚሠራው ከ«ፋይል_ኔም» ስለሆነ እሱ አብሮ ይስተካከላል።

እግረ መንገዳችሁን «ቼክ_ክላስ_ኮሊዥን» የሚለውን መስመር «ሰፊክስ፦ ሰርቪስ» ብላችሁ ክላሱ አናት ላይ አስቀምጡ፤ በዚያ ስም የተያዘ ክላስ ካለ ፋይል ሳይጽፍ ያቆማል።

ተጨማሪ ግቤት የሚቀበለው «አርጊዩመንት» ላይ አንዲት ስውር ነገር አለች። አሬዩን «አትሪቢዩትስ» ብላችሁ ከሰየማችሁት ሬይልስ እያንዳንዱን «ስም:ዓይነት» ፈትቶ ዕቃ አድርጎ ይሰጣችኋል። ለሞዴል መሰል ነገር ግሩም ነው። ለሰርቪስ ግን ዓይነቱን ከዳታቤዝ ዓይነቶች ጋር ያመሳክራል፤ «ዩዘር:ካስተመር» የመሰለ ነገር ስታስገቡ አላውቀውም ብሎ ይቆማል። ተራ ጽሑፍ ከፈለጋችሁ ሌላ ስም ስጡት፤ እኛ «ፊልድስ» ብለነዋል።

ቴምፕሌቱ

ፋይሉ «ሰርቪስ.አርቢ.ቲቲ» ይባል። «.ቲቲ» የምትጨመረው ኤዲተር፣ የኮድ አጻጻፍ የሚያርመው ሩቦኮፕና ሌሎች መሣሪያዎች እውነተኛ የሩቢ ፋይል መስሏቸው እንዳይበረብሩት ነው። ውስጡ ይህን ይመስላል፦

ክላስ <%= ክላስ_ኔም %>ሰርቪስ < አፕሊኬሽንሰርቪስ
<% ኢፍ ፊልድስ.ኤኒ? -%>
  ዴፍ ኢኒሻላይዝ(<%= ኪወርድ_ፊልድስ %>)
  ኤንድ

<% ኤንድ -%>
  ዴፍ ኮል
  ኤንድ
ኤንድ

«ኪወርድ_ፊልድስ» ፕራይቬት ሜተድ ነው፤ ፊልዶቹን ከነሁለት ነጥባቸው በኮማ ያያይዛል። ስሌትን ቴምፕሌት ውስጥ አትሥሩ፤ እዚያ የሚመጣ ስህተት የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ማግኘት አድካሚ ነው። መዝጊያው ላይ ያለችው ሰረዝ፣ «-%>»፣ ከኋላዋ ያለውን አዲስ መስመር ትውጣለች፤ ካላስገባችኋት የወጣው ፋይል ውስጥ «ኢፍ» በነበረበት ሁሉ ባዶ መስመር ይቀራል።

ክላሱን «ቢሊንግ::ኢንቮይስሰርቪስ» ብለን በአንድ መስመር ማውጣታችን ሆን ተብሎ ነው። «ሞጁል ቢሊንግ» ብለን ብንከፍትና ሌላ ቦታ «ቢሊንግ» የሚባል ሞዴል ቢኖር፣ «ሞጁል አይደለም» ብሎ ሩቢ ይጮኻል። በነገራችን ላይ «ሞጁል_ኔምስፔሲንግ» የሚባለውን ረዳት አይታችሁ ለዚህ የተሠራ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ የሚጠቅልለው የኤንጂንን (ሬይልስ ውስጥ የሚገባ ንዑስ አፕሊኬሽን) ስም ብቻ ነው።

የምታወጡት ፋይል ራሱ ኢአርቢ (በጽሑፍ መካከል የሩቢ ኮድ የሚገባበት ፋይል) ከሆነ፣ ለምሳሌ የገጽ ፋይል፣ እውነተኛው ገጽ ላይ መቆየት ያለበትን ምልክት «<%%=» ብላችሁ በሁለት ፐርሰንት ጻፉት። አንዱ ይበላል፣ አንዱ ይቀራል። በአንድ ከጻፋችሁት ጀነሬተሩ እዚያው ሊፈታው ይሞክርና እንዲህ ያለ ስም የለም ይላል።

ነባር ፋይል ውስጥ መስመር ማስገባት

ራውት (አንድን ዩአርኤል ከኮንትሮለር የሚያገናኝ መስመር) ለመጨመር «ራውት» የሚል ዝግጁ ሜተድ አለ። ለሌላው «ኢንጀክት_ኢንቱ_ፋይል» ይሠራል፤ «ከዚህ መስመር በኋላ» ወይም «በፊት» የሚል ምልክት ትሰጡታላችሁ። ያው ጽሑፍ ቀድሞ ከገባ ደግሞ አያስገባውም፤ ይህ ጥሩ ነው። መጥፎው፣ ምልክቱን ባያገኘውም ተርሚናል ላይ «ፋይሉ አልተለወጠም» ብሎ ማለፉ ነው፤ ሥራው አይቆምም፣ ቀጣዮቹ ፋይሎችም ይወጣሉ። አንድ ሰው ዋናውን ፋይል ሲያስተካክል ምልክታችሁን ካጠፋው ጀነሬተሩ ለወራት በግማሹ ሊሠራ ይችላል። ምልክታችሁ ተራ የኮድ መስመር ሳይሆን ለዚሁ የተጻፈ ኮሜንት ይሁን፤ «ጀነሬተሩ እዚህ ያስገባል፣ አታጥፉ» የሚል።

መልሶ ማጥፋት

«ቢን/ሬይልስ ዲስትሮይ ሰርቪስ ቢሊንግ/ኢንቮይስ» ስትሉ ያው ክላስ ነው የሚነሳው፤ ሜተዶቹ ሁሉ ራን ይደረጋሉ፤ ነገር ግን «ቴምፕሌት» የነበረው ወደ መሰረዝ፣ «ኢንጀክት» የነበረው ወደ ማውጣት ይገለበጣል። መገልበጥ የሚያውቁት የቶር ሜተዶች ብቻ ናቸው። «ፋይል.ራይት» ብላችሁ በቀጥታ ሩቢ ከጻፋችሁ፣ ዲስትሮይ ሲባል ፋይሉን እንደገና ይጽፈዋል። «--ፕሪቴንድ» ብለው ምን ሊወጣ እንደሆነ ለማየት ብቻ ሲጠሩትም በእውነት ይጽፋል። «ጂሰብ_ፋይል» (ፋይል ውስጥ ያለን ጽሑፍ በሌላ የሚተካው) ግን የቶር ቢሆንም ዲስትሮይ ላይ ምንም አያደርግም፤ የተካው ተተክቶ ይቀራል። የግድ ካስፈለጋችሁ «ቢሄቪየር» የሚለው «ሪቮክ» መሆኑን አይታችሁ ራሳችሁ መልሱት።

ሌላም አደጋ አለ። ፋይሉ ስታወጡት ካለ፣ ልዩነት ካለው ይጠይቃችኋል፤ «ዲ» ብላችሁ ልዩነቱን ማየት ትችላላችሁ። ዲስትሮይ ግን አይጠይቅም። ከወጣ በኋላ 200 መስመር የጻፋችሁበትንም ፋይል ዝም ብሎ ያጠፋዋል። ኮሚት ሳታደርጉ ዲስትሮይ አትበሉ።

«ቦታ» «ቦቱም» ሲሆን

የአማርኛ ቃል ለሞዴል የሚሰጥ ቡድን ይህን ያጋጥመዋል። «ወረዳ»፣ «ቀበሌ»፣ «ዕቁብ» በላቲን ፊደል ሲጻፉ ችግር የለባቸውም፤ ሬይልስ «ስ» ጨምሮ ያበዛቸዋል። «ቦታ» ግን በ«ታ» ያልቃል። የሬይልስ የቃል ማብዣ ሕግ በ«ታ» ወይም በ«ኢያ» የሚያልቅን ቃል እንደ «ዳታ» ያየዋል፤ ብዙ ቁጥር ነው ይልና ነጠላውን በ«ቱም» ያወጣል። «ጀነሬት ሞዴል ቦታ» ስትሉ ስሙ ብዙ ቁጥር ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣና «ቦቱም» የሚባል ሞዴል ያስረክባችኋል። «ገበታ»ም «ገበቱም» ይሆናል። «--ፎርስ-ፕሉራል» ለዚያች ቅጽበት ያሳልፋችኋል፤ ራውቱ ነጠላውን ስም ሲፈልግ ግን «ቦቱም» ተመልሶ ይመጣል። መፍትሔው «ኮንፊግ/ኢኒሻላይዘርስ/ኢንፍሌክሽንስ.አርቢ» ውስጥ «ኢሬጉላር» ብሎ «ቦታ» እና «ቦታስ»ን ማጣመር ነው፤ የመጀመሪያው ፋይል ከመውጣቱ በፊት። የእናንተም ጀነሬተር «ፕሉራል_ኔም» ወይም «ቴብል_ኔም» ከተጠቀመ ከዚሁ ሕግ ነው የሚቀዳው።

ማይግሬሽን (የዳታቤዝ ለውጥ ፋይል) ካለው

«አክቲቭሪከርድ::ጀነሬተርስ::ማይግሬሽን»ን ኢንክሉድ አድርጉና «ማይግሬሽን_ቴምፕሌት» ተጠቀሙ፤ የሰዓት ቁጥሩን እሱ ያበጃል። ቴምፕሌቱ ውስጥ የሬይልስን ቨርዥን በእጅ አትጻፉ፤ «አክቲቭሪከርድ::ማይግሬሽን.ከረንት_ቨርዥን» ብላችሁ አስጠሩት፤ አለበለዚያ ሬይልስን ባሳደጋችሁ ቁጥር የድሮ ባሕርይ ያለው ማይግሬሽን ታወጣላችሁ።

ቴስቱ

የሰርቪሱን ቴስት ፋይል ማውጣት ቀላሉ መንገድ ሁለተኛ «ቴምፕሌት» ጥሪ መጨመር ነው። «ሁክ_ፎር :ቴስት_ፍሬምወርክ» የሚለው ጨዋ መንገድ ነው፣ አርስፔክ የሚባለውን ሌላ የቴስት መሣሪያ ለሚጠቀምም ይሆናል፤ ግን «ሊብ/ጀነሬተርስ/ቴስት_ዩኒት/ሰርቪስ» ውስጥ ሌላ ጀነሬተር ካልጻፋችሁለት «አልተገኘም» የሚል ቀይ መስመር ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። አንድ ፕሮጀክት ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል።

የጀነሬተሩ የራሱ ቴስት «ሬይልስ::ጀነሬተርስ::ቴስትኬዝ»ን ይወርሳል። የሚጽፈው «ቲኤምፒ/ጀነሬተርስ» ውስጥ ነው፤ «ፕሪፔር_ዴስቲኔሽን» ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት ያን ፎልደር ያጸዳዋል። ከዚህ የተነሳ እዚያ «ኮንፊግ/ራውትስ.አርቢ» የለም፤ ጀነሬተራችሁ ራውት የሚጨምር ከሆነ ቴስቱ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ የራውት ፋይል አኑሩለት። ቢያንስ አራት ነገር ሞክሩ፦ ተራ ስም፣ በፎልደር የተከፈለ ስም፣ ቅጥያው የተደገመበት ስም፣ እና «ቢሄቪየር፦ ሪቮክ» ተሰጥቶት መልሶ ማጥፋቱን። «አሰርት_ፋይል» በብሎክ ሲጠራ የፋይሉን ጽሑፍ ይሰጣችኋል፤ ያን ጽሑፍ ለ«ሩቢቪኤም::ኢንስትራክሽንሲኩዌንስ.ኮምፓይል» አሳልፉት። አንድ «ኤንድ» ከጎደለ እዚያው ይወድቃል። ይህ አንድ መስመር ከሌሎቹ ቴስቶች ሁሉ ይልቅ ብዙ ስህተት ይይዛል።

የመስመር አሰላለፍ ለማሳመር ቴምፕሌቱ ላይ አትልፉ። ከሬይልስ 7.2 ጀምሮ የዴቨሎፕመንት ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ጀነሬተሩ ሥራውን እንደጨረሰ ሩቦኮፕ እንዲያስተካክል የሚያደርግ መስመር በኮሜንት ተዘግቶ አለ፤ ክፈቱት።

ሁሉንም ስትጨርሱ ንጹሕ ብራንች ላይ ሆናችሁ «ቢሊንግ/ኢንቮይስ» ብላችሁ አንድ ሰርቪስ አውጡ። «አፕ/ሰርቪስስ» ፎልደሩ ገና አሁን ከተፈጠረ ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጉት፤ ሬይልስ የ«አፕ» ንዑስ ፎልደሮችን የሚቆጥረው ሲነሳ ብቻ ስለሆነ እስከዚያ ክላሱን አላውቀውም ይላል። ከዚያ ዲስትሮይ በሉና «ጊት ስታተስ» ጠይቁ። አንድም የተለወጠ ፋይል ከቀረ፣ በቶር ሜተድ ሳይሆን በእጅ የጻፋችሁት መስመር ወይም ያልመለሳችሁት «ጂሰብ_ፋይል» አለ ማለት ነው፤ የቀረው ፋይል ስም የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል።